የድምፅ መስጫው ወረቀትና ወደ ደሴ የሚላከው ጠርሙስ

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የድምፅ መስጫ ወረቀት ሲደርሳቸው አንዳንድ ጊዜ ከተመራጮቹ ስም ሥር ረጅም ጥያቄ ያገኛሉ፤ ካናቢስ (ማሪዋና የሚባለው ዕፅ) ለሕክምና ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? መልሱን ከመሙላታቸው በፊት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ይደውላሉ። ከዚህ በኩል የሚመለሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «የካናቢስ ዘይት የሚጥል በሽታ ያድናል ይባላል፤ እውነት ከሆነ ለልጁ አንድ ጠርሙስ ላኩልን።» ሁለቱ በአንድ ስልክ ይነሱ እንጂ መልሳቸው ለየቅል ነው። አንዱ የሕግ ጥያቄ ነው፣ ሌላው የሚሊግራም። ጉዳት የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

ከወረቀቱ ልጀምር። እዚያ በፌዴራልና በስቴት ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ድምፅ ቢሰጥ ከአገር እስከ መባረር የሚያደርስ ጣጣ ውስጥ ይገባል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ቅጹ ላይ የመራጭነት ምዝገባ ጥያቄ አለ፤ ሳያነቡ ምልክት ማድረግ አደገኛ ነው።

ዜጋ የሆነ ሰው ደግሞ ርዕሱን ትቶ ዝርዝሩን ይፈልግ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) ፕሮፖዚሽን 215 በተባለው ድምፅ የሕክምና ካናቢስን በመፍቀድ ቀዳሚ ከሆነች ወዲህ፣ በየስቴቱ የቀረቡት ጥያቄዎች ስማቸው ይመሳሰላል፤ ውስጣቸው ግን ይራራቃል። መጀመሪያ መታየት ያለበት «ታማሚ» የሚባለው ማን እንደሆነ ነው። ፍሎሪዳ በ2016 ያጸደቀችው ማሻሻያ በሽታዎቹን በስም ይጠራል፤ ካንሰር፣ የሚጥል በሽታ፣ ግላኮማ፣ ኤችአይቪ፣ ፓርኪንሰን እያለ ይቀጥላል። ኦክላሆማ በ2018 ያጸደቀችው ግን የበሽታ ዝርዝር የለውም። ሐኪሙ ከፈረመ በቂ ነው፤ ፈቃድ ያገኘው ሰው እስከ 3 አውንስ፣ ማለትም 85 ግራም ያህል፣ ይዞ መንቀሳቀስ፣ ቤቱ ደግሞ 8 አውንስ ማስቀመጥ ይችላል። ሁለቱም «የሕክምና» ይባላሉ። የመጀመሪያውን ደግፎ ሁለተኛውን የሚቃወም ሰው አቋሙ አልተምታታበትም፤ በሚገባ አንብቧል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጥያቄው የስቴቱን ሕገ መንግሥት የሚነካ ነው ወይስ ተራ ሕግ የሚለው ነው። ዩታ ውስጥ መራጩ በኅዳር 2018 ፕሮፖዚሽን 2ን አጸደቀ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የስቴቱ ምክር ቤት በሌላ ሕግ ተካው። ተራ ሕግ ስለነበረ ይችላል። ፍሎሪዳ ውስጥ ግን ጉዳዩ የሚገባው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው፤ ምክር ቤቱ በቀላሉ አያነሣውም፤ ለማስገባትም 60 በመቶ ድምፅ ይጠይቃል። በ2014 57.6 በመቶ አግኝቶ የወደቀው ለዚህ ነው፤ በ2016 በ71 በመቶ አለፈ። «ከግማሽ በላይ ደግፎት እንዴት ይወድቃል?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ነብራስካ በ2024 ያቀረበችው ደግሞ ጥያቄውን ለሁለት ከፍሎ ነበር። 437 የተባለው ታማሚው በሐኪም ምክር እስከ 5 አውንስ እንዲይዝ ይፈቅዳል። 438 የተባለው የሚያመርቱና የሚሸጡትን የሚመዘግብ ኮሚሽን ያቋቁማል። የመጀመሪያውን ደግፎ ሁለተኛውን መጣል ማለት ሰውየው መያዝ ተፈቅዶለት የሚገዛበት ሕጋዊ ሱቅ ያጣል ማለት ነው። ሁለቱም አልፈዋል። ሚሲሲፒ በ2020 ከዚህ የባሰ የሚያደናግር ወረቀት ነበራት፤ መጀመሪያ «ከሁለቱ አማራጮች አንዱ ይሁን ወይስ አንዱም አይሁን» ይላል፤ ከዚያ «የትኛው» ብሎ ለብቻው ይጠይቃል። መራጩ ቢያጸድቀውም የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2021 ሻረው። ምክንያቱ ከመድኃኒት ጋር አይገናኝም፤ ሕገ መንግሥቱ የድጋፍ ፊርማ ከአምስት የምርጫ ወረዳዎች ይሰብሰብ ይላል፣ ስቴቱ ግን የቀሩት አራት ወረዳዎች ናቸው። ምክር ቤቱ በ2022 የራሱን ሕግ አወጣ። ብዙ የእኛ ሰው በሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ፣ በ1998 መራጩ በ69 በመቶ ደግፎ ሳለ ኮንግረስ በጀት በመከልከል ከአሥር ዓመት በላይ ሥራ ላይ እንዳይውል አድርጎታል። ስለዚህ «አለፈ» የሚለው ዜና ሲሰማ መድኃኒቱ በማግስቱ መደርደሪያ ላይ ይገኛል ማለት አይደለም።

አሁን ዘመዶቻችን አብዝተው የሚዘነጉት ጉዳይ። ስቴቱ ቢፈቅድም ካናቢስን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያዋለው የፌዴራል ሕግ አለ። በእነዚህ የስቴት ፕሮግራሞች ሐኪም የሚሰጠው «ይጠቅመዋል» የሚል ምክር እንጂ ማዘዣ አይደለም፤ የጤና መድንም ለዕፁ አይከፍልም። ኢሚግሬሽንም የሚሠራው በፌዴራሉ ሕግ ነው። የዜግነት አገልግሎቱ በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ የፈቀደው ቢሆንም ካናቢስ መጠቀም ወይም በዘርፉ ተቀጥሮ መሥራት ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ጠባይ» ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ዜግነት ያላገኘ ሰው የታማሚ ካርድ ከማውጣቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ካርዱ ራሱ በእጅ የተሰጠ ማስረጃ ነው። ከዚህ ሆኖ የመኖሪያ ቪዛ የሚጠይቅ ሰውም በጤና ምርመራው ስለ ዕፅ ይጠየቃል።

ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ጫትን እናውቃለንና። ደሴ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠው ቅጠል አሜሪካ ሲገባ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ በፌዴራሉ ሕግ እጅግ ጥብቅ በሆነው መደብ ተመድቦ ያስቀጣል፤ እንግሊዝም በ2014 ከልክላዋለች። የደረቀ ጫት በሻንጣ ይዞ «እኛ ዘንድ እኮ ሕጋዊ ነው» ማለት እዚያ እንደማያድን ሁሉ፣ ካናቢስ ይዞ «ስቴታችን ፈቅዷል» ማለትም ቦሌ ላይ አያድንም።

የእኛን ሕግ እንይ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያለ ልዩ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ማብቀልን፣ ማምረትን፣ ማዘዋወርን በጽኑ እስራትና በገንዘብ ይቀጣል፤ ተጠቃሚውም ከቅጣት አያመልጥም። መድኃኒት ወደ አገር የሚገባው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሄምፕ» (የማያሰክር የካናቢስ ዓይነት) ወይም «ከ0.3 በመቶ በታች ቲኤችሲ» (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር) የሚል ጽሑፍ መኖሩ የአሜሪካን የ2018 የእርሻ ሕግ የሚመለከት ነው እንጂ የእኛን አይደለም። ለእናቱ ስጦታ የያዘ ልጅ ቦሌ ላይ ለመርማሪ ይህን ሲያስረዳ አስቡት። በዱባይ ወይም በጅዳ የሚያልፍ ከሆነ ችግሩ እዚያው ይጀምራል። ስለዚህ «አንድ ጠርሙስ ምን አለበት» ብሎ ማስላክ ዘመድን ለእስር ማጨት ነው።

አፍሪካ ውስጥ የፈቀዱ አገሮች አሉ፤ ሌሶቶ በ2017፣ ዚምባብዌ በ2018፣ ማላዊ በ2020። አብዛኛው ዓላማ እያመረቱ ወደ ውጭ መላክ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽንም በታኅሣሥ 2020 በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን ከ1961ዱ ስምምነት እጅግ ጥብቅ ከሆነው ሠንጠረዥ አውጥቶታል። ይህ የሕክምና ጥቅሙን ለማጥናት በር ይከፍታል እንጂ ቁጥጥሩን አላነሣም፤ የየአገሩንም ሕግ አልሻረም።

መድኃኒትነቱ እውነት ነው ወይ? በከፊል አዎ። ቅጠሉ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይበቃል። ቲኤችሲ የሚያሰክረው ነው፤ ሲቢዲ አያሰክርም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ባሳተሙት ግምገማ ጠንካራ ማስረጃ ያገኙት ለሦስት ነገር ነው፤ በአዋቂዎች ላይ ለሚቆይ የሕመም ስሜት፣ በኬሞቴራፒ ምክንያት ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የነርቭ በሽታ ታማሚዎች ላይ ለሚታይ የጡንቻ መገተር። «ካንሰርን ያጠፋል» የሚለው በሰው ላይ አልተረጋገጠም። ግላኮማም በዝርዝሩ ይግባ እንጂ፣ የዓይን ግፊቱን የሚቀንሰው ለሦስትና ለአራት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቀኑንም ሌሊቱንም መውሰድን ይጠይቃል፤ የዓይን ሐኪሞች የማይመክሩት ለዚህ ነው። ጠብታው ይሻላል።

የሚጥል በሽታን በተመለከተ ደግሞ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሰኔ 2018 ኤፒዲዮሌክስ የተባለ የተጣራ ሲቢዲ ፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ለማንኛውም የሚጥል በሽታ አይደለም። ሌኖክስ ጋስቶ እና ድራቬ ለሚባሉ፣ በልጅነት ለሚጀምሩና ለመድኃኒት አልበገር ለሚሉ ዓይነቶች ነው፤ በ2020 ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የሚባለው ተጨመረ። ቦሩ ሜዳም ሆነ ደሴ ሆስፒታል ተራ ከሚጠብቁት የሚጥል በሽታ ታማሚዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ውስጥ አይደሉም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ፤ ነገሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነውና። ኤፒዲዮሌክስ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም ሲቢዲ አለው። የሚጀመረው በኪሎ 2.5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ከሳምንት በኋላ በኪሎ 5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 100 ሚሊግራም፣ ከዚያ በኋላ 200 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው፤ 1 ከዚያ 2 ሚሊ ሊትር። በስጦታ የሚላከው ተራ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር ሆኖ «300 ሚሊግራም» የሚል ተጽፎበታል። ይህ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ነው። ያንኑ 200 ሚሊግራም ለማግኘት በቀን 20 ሚሊ ሊትር መጠጣት አለበት፤ ጠርሙሱ በአንድ ቀን ተኩል ያልቃል። ቤተሰቡ ግን «ጠንካራ ነው» ተብሎ ስለተነገረው ከምላሱ ሥር ሁለት ጠብታ ያደርግለታል። ሁለት ጠብታ 1 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ከሚያስፈልገው ከሁለት መቶ አንድ። በዚህ መጠን ልጁ ሲሻለው ቢታይ በሽታው በራሱ ጊዜ ፋታ ሰጥቶት ነው፤ የሚጥል በሽታ ደግሞ ፋታ ይሰጣል።

መለያው ላይ የተጻፈውም አይታመንም። በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን መርምሮ መጠኑ በትክክል የተጻፈባቸው 31 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አገኘ፤ በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ነበረ። ለሕፃን የሚሰጥ ነገር እንዲህ መሆን የለበትም።

ጠብታው ራሱ ልጁን ላይጎዳው ይችላል። የሚጎዳው ከጠብታው ጋር የሚቆመው ኪኒን ነው። በአገራችን ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያ ይገኛል፣ በአግባቡ ከተወሰደ ብዙ ሰው ይቆጣጠርለታል። ለልጅ የሚጀመረው በኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም በቀን ነው፤ ለ20 ኪሎ ልጅ እስከ 60 ሚሊግራም፣ ባለ 30ውን ሁለት ፍሬ ማታ ማታ፣ በወር 60 ፍሬ። ይህ ኪኒን በድንገት ሲቋረጥ አንጎል የለመደውን ልጓም ያጣል፤ በቀናት ውስጥ መጣሉ ይደጋገማል፤ አንዳንዴም ሳይነቃ አከታትሎ ይጥለዋል። ይህ ይገድላል። ፌኖባርቢታል የሚቆመው ታማሚው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥለው ከቆየ በኋላ በሐኪም ውሳኔ ነው፤ ያውም በወራት ውስጥ ትንሽ በትንሽ እየተቀነሰ። ጸበልም ዱዓም ከኪኒኑ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አያስቆምም።

ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው በጠርሙስ ምክንያት ሳይሆን በመንገድ ነው። ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉ ገጠር የሚመጣ ሰው ኪኒኑ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል፤ መድኃኒት ቤቱ «የለም» ካለው ሌላ ሳምንት ይጨመራል። ስለዚህ ሰባት ቀን ሲቀረው መውጣት ይሻላል። አንዱ ቦታ ቢታጣ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራል። የቀጠሮ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቀን ኪኒኑ የሚያልቅበት ቀን እንዳይሆን መጠየቅ የታማሚው መብት ነው።

ሲጥለው ደግሞ በጎን አስተኝቶ አንገቱን ማላላት፣ ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ ሰዓት ማየት። ክብሪት አጭሮ ማሽተት አያነቃውም፤ ያቃጥለው ይሆናል እንጂ። ማንኪያ በጥርሱ መሐል ማስገባት ጥርስ ይሰብራል። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ሁለተኛ ከጣለው፣ ያኔ ጊዜ አይባክን፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይወሰድ።

የስም ነገርም ያሳስበኛል። በየመንደሩ «ዕፀ ፋሪስ» የሚለውን ስም አንዱ ለካናቢስ፣ ሌላው ለአስተናግር ይጠቀምበታል። አስተናግር ማለት በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ አበባው እንደ ጡሩንባ፣ ፍሬው እሾሃማ የሆነው ተክል ነው። «አሜሪካ ለሕክምና ፈቀደች» የሚል ወሬ ሰምቶ ያንን ፍሬ የሚቀቅል ሰው መርዝ ነው የሚቀቅለው። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሽንት ይያዛል፣ ሰውየው የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል። ልጅ ላይ ጥቂት ፍሬ ይበቃል። የሁለቱ ተክሎች ዝምድና የስም ብቻ ነው።

እዚህ ያለው መራጭ ምን ይጠይቅ? እኛ ዘንድ ካናቢስን በወረቀት የሚጠይቅ ሕዝበ ውሳኔ የለም፤ ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለምርጫ የሚመጣ ዕጩ አዳራሽ ሲሰበስበን ግን የሕመም ማስታገሻን ነገር ማንሣት እንችላለን፤ እኔ ከካናቢስ በፊት የማነሣው ሞርፊን ነው። በካንሰር የሚሠቃይ ሰው ያለ ክርክር የሚገባው፣ በሕግም የተፈቀደ መድኃኒት ነው። የሚዋጠው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ በሰዓቱ ይሰጣል እንጂ ሕመሙ ሲብስ ብቻ አይደለም። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል፤ ይህ ሲረሳ ታማሚው «ሞርፊኑ ገደለኝ» ብሎ ይተወዋል። የሚታዘዘው በተራ ወረቀት ሳይሆን ቁጥጥር በሚደረግበት ልዩ ማዘዣ ነው፤ ማዘዣው ወይም የሚፈርመው ሐኪም ከሌለ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ቢኖርም በሽተኛው አያገኘውም።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሁን። የሚዋጥ ሞርፊን በዚህ ዓመት ስንት ቀን ጠፋ? ከደሴ ውጭ፣ ኮምቦልቻ ላይስ ማን ያዘዋል? ለአንድ ጊዜ የስንት ቀን ይሰጣል? ከሐረጎ በታች ያለ፣ ከአልጋ የማይነሣ ሰው መድኃኒቱን በቤተሰብ በኩል መውሰድ ይችላል? ጤና ጣቢያው ፌኖባርቢታል ሲያልቅበት ለማን ያመለክታል፣ በስንት ቀንስ ይደርሰዋል? እነዚህ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ «እናሻሽላለን» የሚል መልስ አይበቃቸውም።

ካናቢስ ለሕክምና ይፈቀድ የሚለውን በእኛ አገር ቢጠይቁኝ፣ የተጣራው መድኃኒት እንደማንኛውም መድኃኒት ተመዝግቦ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ለሚመለከተው ታማሚ በልዩ ማዘዣ ቢገባ እደግፋለሁ። ቅጠሉን በመድኃኒት ስም መሸጥን አልደግፍም። ፌኖባርቢታል የሚቋረጥበት ጤና ጣቢያ የጉበት ምርመራ የሚጠይቅ ውድ መድኃኒት መከታተል ይከብደዋል። ኤፒዲዮሌክስ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር የጉበት ምርመራ ይፈልጋል፤ ቫልፕሮት ከሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የጉበት ጉዳቱ ይጨምራል፤ ክሎባዛም ከሚባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲሆን ደግሞ እንቅልፉ ይከብዳል።

ጠርሙሱ ቀድሞ ቤት የደረሰ ከሆነ ለልጁ አይሰጥ፤ የሚወስደውም ኪኒን አይቁም። ተሰጥቶት ከሆነ ስንት ጠብታ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መለያው ላይ ምን እንደተጻፈ ለሚከታተለው ሐኪም ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው ያንን ሲያውቅ ነው። ካናቢስ ያለበት ከረሜላ መሳይ ካለ ይበልጥ ይራቅ፤ ተውጦ እስኪሠራ ከግማሽ እስከ ሁለት ሰዓት ስለሚወስድ «ምንም አላደረገኝም» ብሎ ሁለተኛ የሚደግም አለ፣ ልጅ ደግሞ ከረሜላ መስሎት ፓኬቱን ይጨርሳል። የልጁ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ወይም ለመብላት እንኳ መቀስቀስ ካስቸገረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ይወሰድ፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ አብሮ ይያዝ።